በታሪካዊ ሕንፃ ውስጥ የሚደረግ የወይን ቅምሻ ምሽት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የበዓል ሰሞን ሲቃረብ የወይን ቅምሻ ምሽት የሚያዘጋጀውም የሚጋበዘውም ሰው ይበዛል። ቦታው የድሮ ቤተ መንግሥት፣ ገዳም ወይም ዘመናት ያስቆጠረ ምድር ቤት ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይጨምራል። እንግዶችና አዘጋጆች ደጋግመው የሚያነሷቸውን እዚህ ሰብስበናል። መልሶቹን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እንዲህ ባለ ምሽት ቤቱም የራሱ ሥራ አለው። ወይኑ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ፣ ቀለሙ እንዴት እንደሚታይ፣ ሽታው ጎልቶ እንደሚወጣና እንደማይወጣ በአብዛኛው የሚወስነው ቤቱ ነው። ስለዚህ ወይኑን ከቤቱ ጋር አስማሙት። (ከታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ወይን ምንም አላውቅም። ብመጣ አላፍርም?

ኧረ በፍጹም! ቅምሻ ማለት ማወዳደር ነው። ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ተቀምጦላችሁ «ይሄኛው ይበልጥ ይኮመጥጣል» ካላችሁ ቀማሽ ሆናችኋል። የተቀረው ልምድ ነው።

አካሄዱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ቀለሙን ተመልከቱ። ቀጥሎ ብርጭቆውን በእግሩ ይዛችሁ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ወይኑ ሲሽከረከር መዓዛው ይነሳል። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አሽትቱ። ከዚያ ትንሽ ተጎንጩና ሳትቸኩሉ አፋችሁ ውስጥ አንሸራሽሩት። ስትውጡ ወይም ስትተፉ በአፍንጫችሁ አየር አስወጡ።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ለምን እንደምታስፈልግ ማየት ከፈለጋችሁ አፍንጫችሁን በጣታችሁ ይዛችሁ አንድ ጊዜ ተጎንጩ። ጣፋጭነት፣ ኮምጣጣነት፣ ምሬት ብቻ ታገኛላችሁ። ጣታችሁን ስትለቁት ፍራፍሬው፣ ቅመሙ፣ እንጨቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። «ጣዕም» የምንለው አብዛኛው ነገር ከአፍ በስተኋላ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም፤ አዘጋጆችም ምሽቱን በዚህ ቢጀምሩ እንግዳው ሁሉ ዘና ይላል።

ሰው ለምን ወይንን በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ መቅመስ ይወዳል?

ወይንና አሮጌ ግንብ አብረው ስላረጁ ነው። በአውሮፓ ወይን ለዘመናት የተጠመቀውና የተከማቸው በገዳማት፣ በሆስፒታሎችና በመሳፍንት ቤቶች ነበር። በጀርመን ራይንጋው የሚገኘው የኤበርባህ ገዳም በ1136 የሲስተርሲያን መነኮሳት የመሠረቱት ነው። መነኮሳቱ ከሄዱ ብዙ ዘመን ቢሆንም ዛሬም ወይን ይቀመስበታል። በፈረንሳይ ቦን ከተማ ደግሞ የቡርጎኝ ቻንስለር የነበረው ኒኮላ ሮላን በ1443 ለድሆች ሆስፒታል አቋቋመ። ሆስፒታሉ ባለፉት ዘመናት በስጦታ የወይን እርሻዎች አገኘ። የእርሻዎቹ ወይን ከ1859 ጀምሮ በኅዳር ወር በጨረታ ይሸጣል፤ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ይውላል። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ከተማዋ በሙሉ የቅምሻ ቤት ትሆናለች።

የሻምፓኝ አካባቢም አለ። ሬምስ ከተማ ሥር ጥንት የኖራ ድንጋይ የተቆፈረባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጠርሙሶች ያረፉባቸው ጓዳዎች ናቸው። ዩኔስኮ እነዚህን ጓዳዎች ከኮረብታዎቹና ከወይን ቤቶቹ ጋር በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ጆርጂያውያን ደግሞ ክቬቭሪ የሚባል ትልቅ የሸክላ ጋን መሬት ውስጥ ቀብረው ወይን ይጠምቃሉ። ይህ አጠማመቅ በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከታሪኩ ሌላ ተግባራዊ ምክንያትም አለ። ወፍራም ግድግዳና ጥልቅ ምድር ቤት ሙቀቱን ዓመቱን ሙሉ ብዙ ሳይለዋወጥ ያቆያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ለወይን ከዚህ የተሻለ ማረፊያ አልነበረም።

ለአንድ ምሽት ስንት ዓይነት ወይን ይበቃል?

ስድስት። ስምንት ከሆነ ደግሞ መትፋት የግድ ነው። ከዚያ በላይ ሲሄድ ምላስም ይደክማል፣ ጆሮም ይደክማል፤ ሰባተኛውን ወይን የሚያብራራውን ሰው የሚያዳምጥ አይኖርም።

የሚቀዳው መጠን 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ ቢሆን ይበቃል። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለ15 ሰው ይደርሳል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ስድስቱ ሲደመሩ 300 ሚሊ ሊትር ይሆናሉ። ወይኑ 13 ከመቶ አልኮል ቢኖረው፣ ሁሉን የጠጣ ሰው ወደ 31 ግራም ንጹህ አልኮል ወስዷል። «ትንሽ ትንሽ ነው የቀመስኩት» ብሎ መኪና የሚያስነሳ ሰው ይህን ቁጥር ይወቀው።

መትፋት ነውር አይደለም?

አይደለም። ባለሙያዎች ሁሉ ይተፋሉ። መዓዛውም ጣዕሙም የሚገኘው ወይኑ አፍ ውስጥ እያለ ነው። አዘጋጆች ለሦስት ወይም ለአራት ሰው አንድ መትፊያ ያስቀምጡ፤ ውስጡ የማይታይና አፉ ሰፊ ይሁን። እንግዳው መትፊያ ፍለጋ አዳራሹን የሚያቋርጥ ከሆነ ማንም አይተፋም።

የትኛው ይቅደም?

አረፋማው ይቀድማል፤ ቀጥሎ ቀለል ያለ ነጭ፣ ከበድ ያለ ነጭ፣ ሮዜ (ሮዝ ቀለም ያለው ወይን)፣ ቀለል ያለ ቀይ፣ ከበድ ያለ ቀይ፣ በመጨረሻ ጣፋጩ። ጣፋጭ ከቀደመ ተከታዩ ወይን ባዶና ኮምጣጣ ሆኖ ይሰማል። በመሃል ውኃና ጣዕም የሌለው ዳቦ ይኑር።

አረፋማ ስትገዙ ጽሑፉን በደንብ አንብቡ። ብሩት የሚለው በሊትር እስከ 12 ግራም ስኳር ይፈቅዳል። ኤክስትራ ድራይ የሚለው ግን ከ12 እስከ 17 ግራም ሊኖረው ይችላል፤ ማለትም ከብሩት ይልቅ ይጣፍጣል። ዴሚ ሴክ ከ32 እስከ 50 ግራም ስላለው ለመክፈቻ አይሆንም፤ ለማሳረጊያ ግን ግሩም ነው።

አዳራሹ በጣም ይቀዘቅዛል። ወይኑን ይጎዳዋል?

አይጎዳውም፤ ግን ይዘጋዋል። ቀዝቃዛ ወይን መዓዛውን አይለቅም። ቀይ ወይን ሲቀዘቅዝ ደግሞ ታኒኑ፣ ያ ድድንና ምላስን የሚያደርቀው ነገር፣ ጎልቶ ይወጣና ወይኑ ሸካራ ይሆናል። አረፋማ ወይን ከ6 እስከ 10 ዲግሪ፣ ቀለል ያለ ነጭ ከ7 እስከ 10፣ ከበድ ያለ ነጭ ከ10 እስከ 13፣ ከበድ ያለ ቀይ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ሲሆን ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ቤቱን ማወቅ ይጠቅማል። ምድር ቤቱ 12 ዲግሪ ከሆነ ከበድ ያለው ነጭ ወይን እዚያው ይቀመስ፤ በረዶም አያስፈልገው። ቀዩን ግን ሞቅ ባለ ክፍል አቆዩትና ሲደርስ አውርዱት። ብርጭቆው ውስጥ ከቀዘቀዘባችሁ ሆዱን በሁለት መዳፋችሁ አቅፋችሁ ትንሽ ጠብቁ፤ መዓዛው ሲከፈት ታውቁታላችሁ።

ተቃራኒውም አለ። ሰው የሞላበት ትልቅ አዳራሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞቃል። 22 ዲግሪ የደረሰ ቀይ ወይን አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል። ያኔ ጠርሙሱን ለአሥር ደቂቃ ያህል ውኃና በረዶ ውስጥ ማቆየት ይበቃዋል።

በሻማ ብርሃን ብቻ ብናደርገውስ? ያምራል።

ያምራል፤ ለቅምሻ ግን አይመችም። ዓይን ምላስን ይመራል። በ2001 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት አለ። በቦርዶ ወይን የሚማሩ 54 ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀረበላቸው። እነሱም ለቀይ ወይን በሚውሉ ቃላት ገለጹት። የሠለጠነን አፍንጫ ቀለም እንዲህ የሚመራው ከሆነ፣ በሻማ ቢጫ ብርሃን ሁሉም ወይን አንድ ዓይነት ቡናማ ሲመስል ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሻማው ለሕንፃውም አይበጅም። ጥቀርሻው ሥዕልና ልስን ላይ ያርፋል፤ ማስለቀቁም ከባድ ነው። ከእንጨት የተሠራ አሮጌ ጣሪያ ባለበት ቤት እሳት ማብራት በራሱ አስፈሪ ነው። ሽቶ ያለው ሻማ ከሆነማ ቅምሻው አበቃ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ ትንሽ የባትሪ መብራት አኑሩ፤ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አንጥፉ። ግድግዳና ጥግ ላይ ደግሞ ደብዘዝ ያለ መብራት ይሁን። የቤቱ ውበት አይጠፋም፤ የወይኑም ቀለም ይታያል።

ምድር ቤቱ የእርጥበት ሽታ አለው። ወይኑ ተበላሽቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ከሁሉም ጥያቄ ይህኛው በአሮጌ ቤት ብቻ የሚመጣ ነው፤ ለዚህም ሰፋ አድርገን እንመልሰው።

ወይን ከሚደርስበት ጉዳት አንዱ ቲሲኤ የሚባል ውህድ ነው። ብዙውን ጊዜ ከቡሹ ይመጣል። ሽታው የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ዓይነት ነው። በሊትር ጥቂት ናኖግራም ብትሆን እንኳ የወይኑን መዓዛ ታጠፋዋለች። ችግሩ ያላችሁበት ቦታ ራሱ ምድር ቤት መሆኑ ነው። ሽታው ከብርጭቆው ነው ከግድግዳው?

እንዲህ አድርጉ። ብርጭቆውን ይዛችሁ ወደ ውጭ ወይም አየር ወዳለበት ክፍል ውጡ። አንድ ሁለት ጊዜ ንጹህ አየር ስባችሁ እንደገና አሽትቱት። የቤቱ ሽታ ከሆነ እዚያው ይቀራል፤ ፍራፍሬው ብቅ ይላል። ቲሲኤ ከሆነ ግን ካርቶኑ አብሯችሁ ይወጣል፤ እንዲያውም ብርጭቆው ውስጥ ሲቆይ ይብሳል። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ከዚያው ወይን ሌላ ጠርሙስ ይከፈትና ሁለቱን ጎን ለጎን አሽትቱ። ለዚህ ነው አዘጋጅ ከእያንዳንዱ ወይን አንድ ትርፍ ጠርሙስ መያዝ ያለበት። በነገራችን ላይ ቲሲኤ ጤናን አይጎዳም፤ ደስታን ነው የሚጎዳው።

ሦስተኛ ተጠርጣሪም አለ፦ ብርጭቆው ራሱ። ካርቶን ውስጥ ወይም አሮጌ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ ብርጭቆ ሽታውን ይዞ ይመጣል። ወይን ከመቅዳታችሁ በፊት ባዶውን አሽትቱት። ከሸተተ በንጹህ ውኃ አለቅልቁት፤ ወይም ከሚቀዳው ወይን ጠብታ አድርጋችሁ አዙሩበትና ድፉት።

ለአዘጋጆች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ምድር ቤቱን ለበዓሉ ስታጸዱ በረኪና አትጠቀሙ። ክሎሪን ከእንጨትና ከሻጋታ ጋር ሲገናኝ ለቲሲኤ መፈጠር መንገድ ይከፍታል። ቡሹ ደህና ሆኖ ሳለ ጓዳቸው ራሱ የተበከለባቸው ወይን ጠማቂዎች አሉ። ሙቅ ውኃ፣ ብሩሽና ነፋስ በቂ ናቸው።

አረፋማውን ወይን በድምፅ ብንከፍተውስ? በዓል አይደል?

ከራሳችሁ በላይ ያለውን ተመልከቱ። ከጣሪያ የተንጠለጠለ የመስታወት መብራት፣ ባለ ቀለም የመስኮት መስታወት፣ የጣሪያ ሥዕል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከ5 እስከ 6 አትሞስፌር ነው፤ የመኪና ጎማ ከሚይዘው ከእጥፍ በላይ። ቡሹ ሲወረወር መስታወትም ዓይንም ያጠፋል።

ትክክለኛው አከፋፈት ጸጥ ያለ ነው፤ ሲያዩትም ደስ ይላል። ጠርሙሱ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ሞቅ ያለ ጠርሙስ አረፋውን ይተፋል። ወረቀቱን ልጣችሁ አውርዱ። አውራ ጣታችሁን ቡሹ ላይ አድርጉና ከዚህ በኋላ አታንሱት። የሽቦውን ጆሮ ስድስት ግማሽ ዙር አዙራችሁ አላሉት፤ ሽቦውን ግን አታውልቁት። በላዩ ላይ ፎጣ ጣሉበት። ጠርሙሱን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ዘንበል አድርጉ። አሁን ቡሹን አጥብቃችሁ ያዙና ጠርሙሱን ከታች በኩል አዙሩት። ቡሹ እየገፋ ሲመጣ ይሰማችኋል። መልሳችሁ ተጫኑት፤ እየታገላችሁት ቀስ ብሎ ይውጣ። የሚሰማው «ፍስስ» የሚል ድምፅ ብቻ መሆን አለበት። ጋዙም ወይኑም ብርጭቆው ውስጥ ይገባሉ።

ቀይ ወይን ወለሉ ላይ ቢፈስስ?

ወዲያው ተናገሩ። ማፈር አያስፈልግም፤ መዘግየት ነው የሚጎዳው። በንጹህ ነጭ ጨርቅ እየነካካችሁ ምጠጡት፤ አትፈትጉት። ከዚያ በትንሽ ንጹህ ውኃ እርጥብ ባደረጋችሁት ጨርቅ ደግማችሁ ንኩት።

ቤት ውስጥ የሚደረጉት ዘዴዎች ግን እዚህ አይሠሩም። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ አሲድ ይበላቸዋል። ወይኑ ራሱ ፒኤቹ ከ3 እስከ 4 የሆነ አሲድ ነው። በላዩ ላይ ሆምጣጤ ወይም ሎሚ ስትጨምሩ ነጠብጣቡን ልታስለቅቁ ሳይሆን ድንጋዩን ልታሟሙት ነው። ጨውም አትነስንሱ። አሮጌ ድንጋይ ቀዳዳ አለው፤ ጨዉ ከውኃው ጋር ሰርጎ ገብቶ ሲደርቅ ክሪስታል ይሠራና ድንጋዩን ከውስጥ ይፈረካክሰዋል። የቀረውን ለሕንፃው ኃላፊ ተዉት።

ከሁሉ የሚሻለው ቀይ ወይን የሚቀዳበትን ጠረጴዛ ከምንጣፍና ከግድግዳ ማራቅ ነው።

ምን ልልበስ?

ያማረባችሁን ልበሱ፤ በዓል ነው። ሦስት ነገር ብቻ አስቡ። ሽቶ አትቀቡ፤ የእናንተን ብቻ ሳይሆን የጎረቤታችሁንም ብርጭቆ ይሸፍናል። ቀጭን ታኮ ጫማ አሮጌ የእንጨት ወለል ይወጋል፣ በድንጋይ ደረጃ ላይም ያንሸራትታል። ምድር ቤት ከሆነ ደረብ የምታደርጉት ነገር ያዙ።

ደረጃ መውጣትና መውረድ ይከብደኛል።

ከመምጣታችሁ በፊት ንገሩን የሚል መስመር ግብዣው ላይ መኖር አለበት። ብዙ አሮጌ ሕንፃ ሊፍት የለውም፤ ደረጃውም ጠባብና የተበላ ነው። አዘጋጁ አስቀድሞ ካወቀ አንዱን ጠረጴዛ ደረጃ መውጣትም መውረድም በማያስፈልገው ክፍል፣ ከመግቢያው ጋር እኩል በሆነው፣ ያሰናዳል። ወንበርም በብዛት ይኑር። ሁለት ሰዓት ሙሉ መቆም ለማንም ይከብዳል።

የጠርሙሱን ስም ሸፍኖ መቅመስ ጥሩ ሐሳብ ነው?

በጣም! ቢያንስ ሁለቱን ወይኖች በወረቀት ጠቅልላችሁ አቅርቡ። በግንቦት 1976 ፓሪስ ውስጥ ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ እንዲህ ያለ ቅምሻ አዘጋጅቶ ነበር። ዳኞቹ ታዋቂ ፈረንሳውያን ነበሩ። የፈረንሳይና የካሊፎርኒያ ወይኖች ስማቸው ተሸፍኖ ቀረበላቸው። በነጩም በቀዩም አንደኛ የወጣው ካሊፎርኒያ ሆነ፤ ሻቶ ሞንተሌና በነጩ፣ ስታግስ ሊፕ በቀዩ። ስሙን አይተው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልፈረዱ ነበር። በእናንተም ምሽት ላይ ስሙ ሲሸፈን ሰው በድፍረት ይናገራል፤ ወረቀቱ ሲገለጥ ደግሞ ጨዋታው ይደምቃል።

ቀይ ወይን ራሴን ያመኛል። ሰልፋይት ይሆን?

ብዙ ሰው ሰልፋይትን፣ ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ማቆያ፣ ይከሳል። ነገር ግን በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) ቀይ ወይን በሊትር እስከ 150 ሚሊ ግራም ሲፈቀድለት ደረቅ ነጭ ወይን እስከ 200 ይፈቀድለታል። ነጩ የማያማችሁ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን አይቀርም። አስም ያለበት ሰው ግን ሰልፋይት ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ይጠንቀቅ። ለሁሉም፣ በእያንዳንዱ ወይን መካከል ውኃ ጠጡ፤ ባዶ ሆዳችሁንም አትምጡ።

የማልጠጣ ነኝ። መምጣት ይገባኛል?

ይገባችኋል። የምታሽከረክሩ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ መድኃኒት የምትወስዱ ወይም በቀላሉ የማትጠጡ ብትሆኑ ምሽቱ የእናንተም ነው። ጥሩ አዘጋጅ ጥራት ያለው የወይን ፍሬ ጭማቂና አልኮል የወጣለት አረፋማ መጠጥ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ ያቀርባል። «ለምን አትጠጣም?» ብሎ መጠየቅ የሚባል ነገር አይኑር። ማሽተት ለሁሉም ክፍት ነው፤ ቤቱን መጎብኘትም እንዲሁ።

ልዩ ብርጭቆ ያስፈልጋል?

ወደ ላይ ጠበብ የሚል፣ እግር ያለውና ቀለም የሌለው ከሆነ ይበቃል። ለቅምሻ የሚሆን ዓለም አቀፍ መለኪያ ብርጭቆ በ1977 ወጥቷል፤ ወደ 215 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለሁሉም ወይን አንድ ዓይነት መጠቀም ለማወዳደርም ይመቻል።

የቆየ ቀይ ጠርሙስ አምጥቻለሁ። እንዴት ይቀዳ?

አተላ ይኖረዋል። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አተላው ይረጋል። ሲቀዳ ከአንገቱ ሥር መብራት አድርጉና ሳታቋርጡ፣ ሳታንቀጠቅጡ ወደ ሌላ ዕቃ አሳልፉት። አተላው አንገቱ ላይ ሲደርስ አቁሙ። በጣም ያረጀ ከሆነ ደግሞ እንግዳው ቦታውን ከያዘ በኋላ ይከፈት፤ መዓዛው ቶሎ ይሄዳል።

የተረፈው ወይን ምን ይሆናል?

ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ቀዩንም ጭምር። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። አረፋማው የራሱ መክደኛ ያስፈልገዋል፤ እሱም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ነው። ጠርሙሶቹን በዚያው ሌሊት ከሕንፃው አውጡ። የቀረ ጠብታ በማግሥቱ ይኮመጥጥና ትንኝ ይጠራል፤ ቤቱ ደግሞ ጠዋት ሌላ ጎብኚ ይኖረዋል።